መዝሙር የተከለከለበት ፎቅ

እናቴ አትዘምርም። ዲላ ውስጥ ቸርች ገብቶ አፍን ዘግቶ መቆም ራስን ለወሬ አሳልፎ መስጠት ነው፤ እሷ ግን መዝሙር ሲጀመር ከንፈሯን ገጥማ ትቆማለች። ምክንያቱን የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ወጣት ሳለች ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሕንፃው መጀመሪያ የቡና መጋዘን ነበር፤ ታቹ የድንጋይ ግንብ፣ ላዩ በአግዳሚ የጥድ ወራጆች ላይ የተነጠፈ ጣውላ። ይህን ሁሉ ጆንያ የቻለ ወለል ለሴቶች አያንስም ተብሎ በእግር የሚረገጡት የስፌት መኪኖች ፎቅ ላይ ተደረደሩ። ጆንያ ግን ፔዳል አይረግጥም። ሴቶቹ መዝሙር ሲያነሱ እግራቸው በአንድ ምት ይገጥማል፣ ወለሉም አብሯቸው ይወዛወዛል። ስለዚህ በሥራ ሰዓት መዘመር ተከለከለ።

አንድ ጠዋት እናቴ ረስታ አንድ መዝሙር አነሳች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። መስኮቱ ሥር ያለው ወለል ተደረመሰና ጓደኛዋ ከነመኪናዋ ወደቀች። አልተረፈችም።

ዘንድሮ ሕንፃው ይጠገን ወይስ ይፍረስ የሚለውን እንዳጠና መሥሪያ ቤቴ ላከኝ። እውነቱን ለመናገር ለሕንፃው ደንታ አልነበረኝም። የሄድኩት እናቴን ከጸጸት የሚያወጣ ነገር ፍለጋ ነው።

ውጭ ፀሐይ ነበር፣ ፎቁ ግን እንደ ጓዳ ይቀዘቅዛል። መኪኖቹ ከተነሱ ዘመን አልፏል፤ እግራቸው የቦረቦረው ጉድጓድ በጣውላው ላይ በረድፍ በረድፍ ቀርቷል። ሜትሬን ስዘረጋ ወለሉ ከጫማዬ ሥር ይርገበገብ ጀመር። ወደ ወናጎ የሚሄድ የጭነት መኪና ይሆናል ብዬ በመስኮት አየሁ። መንገዱ ባዶ ነው። መርገብገቡ ምት ነበረው። ፈራሁ፤ ይበልጥ የፈራሁት ደግሞ የራሴ እግር ጣቶች ጫማዬ ውስጥ ምቱን ሲከተሉ ሳገኛቸው ነው።

ግድግዳውን ይዤ ወደተደረመሰው ቦታ ተጠጋሁ። የተሰበረው ወራጅ ጫፍ ከግንቡ ወጥቶ ይታያል። የበሰበሰውን እንጨት አንድ ሰው በቆርቆሮ ሸፍኖ ቀለም ቀብቶታል፤ ቆርቆሮው ከእንጨቱ ጋር አብሮ ተቀድዷል። ከአደጋው በፊት በስብሶ ነበር ማለት ነው። ደስታዬ ፍርሃቴን አስረሳኝና በባጃጅ ወደ ቤት በረርኩ።

"እማዬ፣ መዝሙሩ አይደለም። እንጨቱ ቀድሞ በስብሶ ነበር" አልኳት።

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ።

"እሱንማ አውቃለሁ" አለችኝ። "የመስኮቱ ሥር ቦታ የኔ ነበር። ወለሉ ከሥሬ ሲንቋቋ ፈራሁና፣ እዚህ ብርሃን አለ ብያት ከጓደኛዬ ጋር ተቀያየርኩ።"