የይመኙሽ ሹሩባ

አስተማሪ ይመኙሽን ያወቅኋት ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አብረን ስናስተምር፣ "እናቷ ስትሞት ያላለቀሰች" እየተባለች ትታማ ነበር። ሐሜቱ በጭነት ማኪና ተጭኖ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ ይመስል ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የሰው አፍ መቼም ሥራ አይፈታም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ስለዚህ ነገሩን እሷ ራሷ እንዳጫወተችኝ እጽፈዋለሁ።

ይመኙሽ የቄስ ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ሞቱና እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጥጥ እየፈተሉ አሳደጓት። አጎቷ አያ ክንዱ ገና ጡት ሳታጎጠጉጥ ሊድራት ቢነሳ፣ እናትዮዋ "ልጄ አስተማሪ ትሆናለች" ብለው እምቢ አሉ። በዚያ አገር ሴት አስተማሪ ያየ ስላልነበረ አያ ክንዱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልጅቱ ግን ጎንደር ዘመድ ቤት ተጠግታ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማረች።

በ1947 ዓ.ም. በከተማው ለአስተማሪነት የሚያሰለጥን የአንድ ዓመት ክፍል ተከፈተ። ለመግባት የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ማለፍ፣ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ደረትንና ዓይንን መታየት፣ ጠባይን የሚመሰክር ዋስ ማቅረብ ያስፈልግ ነበር። ፈተናውን አለፈች፤ ሐኪሙም ጤነኛ ናት አለ። ዋስ ሁን ሲባል ግን አያ ክንዱ እጁን ሰበሰበ። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል መሪጌታ ሐብተ ማርያምን ደጅ ጠንተው፣ ለምነው፣ ዋስ አደረጉላትና ገባች። ከደንቡ ሁሉ የሚያስፈራው የመጨረሻው ነበር፤ በዓመቱ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የቀረ ይሰረዛል፣ ተመልሶም አይገባም። ይመኙሽ ከተሰረዘች ደግሞ አያ ክንዱ ባል አዘጋጅቶ ይጠብቃት ነበር።

እናቷ በመጋቢት ታመው ሞቱ።

በአገሩ ልማድ ሩቅ ላለ ሰው ሞት እንዲሁ በድንገት አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቀን ቆርጦ፣ በማለዳ ሄዶ ነው መርዶ የሚያረዳው። ይመኙሽ መርዶውን ከሰማች እናቷ ቤት ገብታ አርባው እስኪወጣ ለቅሶ መቀመጥ አለባት፤ አርባው ሳይወጣ ስሟ ይሰረዛል። ስለዚህ የማስተማር ፈቃዷን እስክትቀበል ድረስ ሞቱን ሊደብቋት ቤተ ዘመዱ ተማማለ። አያ ክንዱም ሳይወድ ማለ።

እሷ ግን አወቀች። በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ በርበሬ ልትገዛ ገበያ ወርዳ፣ እህል ተራ ውስጥ የእናቷን ታናሽ እህት ሽታዬን አየቻት። ነጠላዋ ከራሷ ሲንሸራተት ፀጉሯ ተላጭቷል፤ ቀሚሷም ጥቁር ነው። ሽታዬ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለደችም፣ እናትና አባቷም ድሮ አልፈዋል። ፀጉሯን የምትላጭለት ሰው እህቷ ብቻ ነበረች። ሽታዬም አየቻትና ደንግጣ ከጤፍ ጆንያዎች ኋላ ጎንበስ አለች።

ይመኙሽ አልጠራቻትም። ብትጠራት አክስቷ መዋሸት አትችልም፤ ከተናገረች ደግሞ መርዶው ተረዳ ማለት ነው። በርበሬዋን ይዛ ተመለሰች። የምትኖረው ከክፍል ጓደኛዋ ከሐረገወይን ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ስለነበር፣ ማልቀሻ ቦታ እንኳ አልነበራትም።

ከሁሉ የባሰው ፀጉሯ ነው። ሐረገወይን በየቅዳሜው ሹሩባ ትሠራታለች። በሳምንቱ እንደ ልማዷ ቅቤና ማበጠሪያ ይዛ "ነይ እንጂ" አለቻት። ሊላጭ የሚገባው ራስ ቅቤ ሊቀባ! እምቢ ብትል ምክንያቱን ትጠየቃለች። ሄዳ ጉልበቷ ሥር ተቀመጠችና "አጥብቂው" አለቻት፤ አሟት ያለቀሰች እንዲመስል። ሐረገወይን "አቤት ስትሞላቀቂ!" እያለች ሳቀችባት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "አጥብቂው" ትላለች፤ ሹሩባው እስኪያልቅ ታለቅሳለች፣ ሲያልቅ ዓይኗን ጠርጋ ትነሳለች።

በግንቦት መጨረሻ ኢንስፔክተር ከኋላ ተቀምጦ እያየ ሁለተኛ ክፍልን አስተማረች። ሰውዬው አመሰገናትና ወደ ጓደኞቿ ዞሮ "ንጽሕናንም ከእሷ ተማሩ፤ ፀጉሯን እዩ!" አለ። ተጨበጨበላት። ጠመኔው እጇ ውስጥ ተሰባበረ።

በሰኔ ፈቃዷን በተቀበለች ማግስት፣ በማለዳ በሩ ተንኳኳ። መሪጌታ ሐብተ ማርያም፣ ሽታዬ፣ አያ ክንዱና ጎረቤቶች ነበሩ። "ግቡ፣ የኔታ" አለች። እሳቸውም ቆመው "ልጄ፣ እናትሽ ደክመው ነበር፤ እግዜር አሳረፋቸው" አሏት። ሴቶቹ ዋይታውን ለቀቁት። ሁሉም እሷን ያያል። አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ደረቷን ልትመታ እጇን አነሳች፤ መልሶ ወረደ። አያ ክንዱ ከበሩ ላይ "ይኸው! ትምህርት ልብ ያደርቃል አላልኩም?" አለ። ያ ሁሉ ሐሜት የተነሳው ከዚህ ሰው አፍ ነው።

አምባ ጊዮርጊስ ደርሰው ሽታዬ ሹሩባዋን ፈትታ ስትላጫት፣ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ።

"ገበያ ላይ አይተሽኝ ነበር?"

"አይቼሽ ነበር፣ እትዬ።"

"ምነው ታዲያ ሳትጠሪኝ?"

"ብጠራሽ ትነግሪኛለሻ።"

ሽታዬ ምላጩን አስቀመጠች። "ያስማለችን እናትሽ ራሷ ናት። ልትሞት ስትል፣ 'ፈቃዷን ሳትይዝ እንዳትነግሯት፤ የኔ ለቅሶ ይቆያል' አለችን።"

ይመኙሽ ጭኗ ላይ የወደቀውን ፀጉር ሰበሰበች። "አልቆየም፣ እትዬ" አለች። "በየቅዳሜው ትንሽ ትንሽ እያለ አለቀብኝ።"

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊጀመር ሲል፣ የአንዲት ተማሪያችን ዘመዶች መጥተው ፈተናው እስኪያልቅ የእናቷን ሞት ከልጅቷ እንድንደብቅላቸው ለመኑን። ሁላችንም ተስማማን። ይመኙሽ ብቻ ተነሳችና ልጅቷን ከክፍል አውጥታ፣ እጇን ይዛ፣ ራሷ አውቶቡስ ላይ አሳፈረቻት። ዳይሬክተሩ "ዓመቷን አቃጠልሽባት!" ብሎ ጮኸ።

"ፈተና ይቆያል" አለችው።

ልጅቷ ዓመቱን ደገመች። የእናቷ ቀብር ላይ ግን ደርሳለች።