ቧንቧው ሲናገር

ጉንደ ወይን ላይ አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ምፀትን ግን ለአንድም ተማሪ በቅጡ ያስረዳሁ አይመስለኝም ነበር። ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ይገለብጣሉ፤ በፈተና ቃል በቃል ይመልሱልኛል። ከራሳችሁ ምሳሌ አምጡ ስል ያንኑ የሰሌዳውን ይደግሙልኛል።

ከዲማ በኩል መጥታ ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ብልህ ናት፤ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ዘይቤ ስንጀምር ግን አንገቷን ትደፋለች። አንድ ቀን ምን እንደሆነች ብጠይቃት፣ ይህ የከተማ ልጆች ነገር ነው፣ እኔ አይገባኝም አለችኝ።

በትምህርት ቤታችን ግቢ አንድ ቧንቧ አለ። ሪባን ተቆርጦ በጭብጨባ የተመረቀ ዕለት ውሃ ሰጠ፤ ከዚያ ወዲያ ጠብታ አላየንም። ልጆቹ ከምንጭ በጀሪካን ይቀዳሉ። በበጋው አጋማሽ አንድ ረፋድ ያቺ ልጅ ጀሪካኗን ተሸክማ ቧንቧው አጠገብ ስትደርስ ቆም አለችና ለጓደኛዋ፣

«እንደኛ ቧንቧ ንጹሕ ውሃ ያለው የለም። አንድም ቀን ደፍርሶ አይተነው አናውቅም» አለቻት።

ከኋላቸው ነበርኩ። አሁን ያልሽው ምንድን ነው ስላት የተቆጣኋት መስሏት ደነገጠች።

«ምፀት ነው» አልኳት። «አመሰገንሽው፤ ግን በሌለው ነገር ነው ያመሰገንሽው። የሰማሽም ሰው ገብቶታል።»

ትንሽ አየችኝና ሳቀች። እናቷ ከዚህ ሌላ አነጋገር እንደሌላት ነገረችኝ። አባቷ ከገበያ አምሽቶ ሲገባ፣ ምነው ቸኮልክ፣ ገና አልነጋም እኮ ትለዋለች አሉ። ልጅቷ በዚህ አነጋገር ነው ያደገችው፤ ያጣችው ስሙን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ክፍሉን በሙሉ ቧንቧው ዙሪያ ሰበሰብኩና አጭር ድራማ እንጻፍለት አልኳቸው። ማን ይተርክ በሚለው ተከራከሩ። አንዱ ውሃ የጠማው ተማሪ ይሁን አለ፤ ሌላዋ ሁሉን የሚያውቅ የውጭ ተራኪ ፈለገች። ልጅቷ ግን ቧንቧው ራሱ «እኔ» እያለ ይናገር፣ የሚያስቀው ራሱን ሲያሞግስ ነው አለችና ረታች። አንደኛ መደብ ተራኪንም ሰውኛ ዘይቤንም ደብተር ሳንገልጥ ጨረስናቸው።

ድራማው ለወላጆች ቀን ታሰበ። ርእሰ መምህሩ ጽሑፉን አንብበው ተጨነቁ፤ የከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ተጋብዘዋል፣ ስድብ እንዳይሆንብን አሉ። ስድብ የሚነካው ሰውዬውን ነው፣ ስላቅ ግን ጥፋቱን ነው፣ የማንም ስም አልተጠራም ብዬ ተሟገትኩ። ለነገሩ እኔም ፈርቼ ነበር። በመጨረሻ «እንግዲህ የሚመጣውን አብረን እንችለዋለን» ብለው ፈቀዱ።

ያን ቀን ልጅቷ ግራጫ ጨርቅ ተከናንባ፣ አንድ እጇን እንደ ቧንቧ አፍ አጥፋ መሐል ሜዳ ቆመች።

«እኔ ቁጥብ ቧንቧ ነኝ» ብላ ጀመረች። «ውሃ አላባክንም። የማንንም ልብስ አርጥቤ አላውቅም። ከተመረቅሁ ጀምሮ ከሥራ ገበታዬ ቀርቼ አላውቅም፤ ሥራዬም መቆም ነው።»

ኃላፊው ስለ ቁጠባ የተሰበከ መስሏቸው አጨበጨቡ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ፤ እናቶች እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ያኔ ለኃላፊው ገባቸው። አንገታቸውን ደፉ። ተቆጡ ብዬ ስፈራ፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር። ሲያበቃ ተነሡና «ይህ ቧንቧ እያመሰገነ ነው የገረፈኝ» አሉ። ሰዉ እንደገና አጨበጨበ።

ፋሲካ ሳይደርስ ባለሙያዎች መጡ። ቁልቁለቱ ላይ የተሰበረውን መስመር ቀየሩ። ውሃው ከግቢው ቧንቧ ሲፈነዳ ክፍል ውስጥ ነበርን፤ ልጆቹ ድምፁን ሰምተው በሩን ጥሰው ሲወጡ አልከለከልኳቸውም። እኔም ተከትዬ ወጣሁ፤ ከራሴ እስከ እግሬ አራሱኝ።

ልጅቷ አሁን ደብረ ማርቆስ ሥነ ጽሑፍ እየተማረች ነው። ሰሞኑን ደውላ አዲስ ተውኔት መድረክ ላይ እንደምታወጣ ነገረችኝ። ፊት ለፊት ወንበር ይዛልኛለች፤ እሄዳለሁ።