«ኢንተርኔቷ» እና የጉደር በቆሎ

ባለፈው ማክሰኞ መኪናዬ ላይ ስክሪን ላስገጥም አምቦ መናኸሪያው ጀርባ ወዳለ አንድ ቤት ሄጄ ነበር። ልጆቼ «አባ፣ የጎረቤቶቻችን መኪና ፊልም ያሳያል፣ የኛ ብቻ ነው ደደብ» እያሉ ጆሮዬን ሲያደነቁሩት ከርመዋል። ስክሪኑን የሚገጥመው ወጣት ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ደግሞ ከእጁ የፈጠነ። ዳሽቦርዱን ፈታታና ሽቦ ለሽቦ አያይዞ ቁልፉን ሲያዞረው ስክሪኑ ቦግ አለ። ወዲያው አንድ ሽታ መጣ። ቀጭን፣ ጣፈጥ የሚል፣ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ።

«ምን ይሸታል?» አልኩት።

«ምንም አይደል ጋሼ። አዲስ ዕቃ ሲሞቅ እንዲህ ነው።»

ጋሼ ማለቱን ይቅር አልኩት፣ ፀጉሬም ሳስቷል። «ምንም አይደል» ያላትን ግን መዋጥ አቃተኝ። ቁልፉን ነቅዬ ወረድኩና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ «ይሄ ሰውዬ አመመው እንዴ?» በሚል ዓይን አየኝ። ነሐሴ ነው፣ ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት በቆሎ ትጠብሳለች። የበቆሎው ጭስና የሽቦው ሽታ አፍንጫዬ ላይ ተገናኙ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ስሸሸው የኖርኩት ቀን መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። በኮምፒውተር ተመርቄ ሥራ አጥቻለሁ፤ የሰው ኮምፒውተር እየጠጋገንኩ እኖራለሁ። ሥራ አጣሁ እንጂ ሐሳብ አላጣሁም። ሰው ከአምቦ ጌዶ ሲሄድ ያንቀላፋል፣ አለዚያም ስለ ኑሮ ውድነት ያማርራል። ሚኒባስ ውስጥ ኮምፒውተር ብገጥምስ? ፊልም ቢያይስ? ኢንተርኔት ቢኖረውስ? ይህን ሳስብ እንቅልፍ እንኳ አይወስደኝም ነበር።

ሚኒባሷ የኦቦ ድንቃ ነበረች። ኦቦ ድንቃ ከአባቴ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ሽማግሌ ናቸው፤ መኪናዋን የሚነዱትም ራሳቸው ነበሩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለመንኳቸው። «ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ይህች መኪና ስድስት ልጅ አሳድጋለች፤ አንተ ደግሞ ሰባተኛ ሆነህ እንዳታርዳት» ይሉኛል። በመጨረሻ ግን እሺ አሉ።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉኝ። «መኪናዬ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ትነግረኛለህ። ጥሩም ይሁን መጥፎ። ሰው የሚገድለው ሹፌር የማያውቀው ነገር ነው።»

«እሺ ኦቦ ድንቃ» አልኩ። ከልቤ ነበር ያልኩት፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን ኮምፒውተር አገኘሁ። ሆድ ዕቃውን አውጥቼ የእንጨት ሣጥን ሠራሁለትና ከሹፌሩ ጀርባ ባለው አግዳሚ ወንበር ሥር አስቀመጥኩት። ስክሪኑን ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ በቀበቶ አሰርኩት። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር ከባትሪው ጋር አገናኘሁ፤ ሽቦው በምንጣፉ ሥር ያልፋል። ኢንተርኔቱ ከአንዲት አውራ ጣት የምታክል ሞደም ይመጣል። ሲበራ ኦቦ ድንቃ ከፊት ዘወር ብለው አዩና «ያ ዋቃ! አምላኬ! ሲኒማ ቤት ሆነች እኮ!» ብለው ሳቁ።

በሳምንቱ «ኢንተርኔቷ» የሚል ስም ወጣላት። የጉደር ተማሪዎች ሌላ ሚኒባስ ቆሞ እየጠበቃቸው እሷን ይጠብቃሉ። እኔም «ኢንጂነሩ» እየተባልኩ ደረቴን ነፍቼ ከኋላ እቀመጣለሁ። ወይ ጉድ፣ ያኔ የነበረብኝ ኩራት!

ችግሩ ፊውዙ ነበር። በየሁለት ቀኑ ይቃጠላል። ስለውጠው ይቃጠላል፣ ስለውጠው ይቃጠላል። ልብ ያለው ሰው «ለምን?» ብሎ ምንጣፉን ገልጦ ሽቦውን ያያል። እኔ ግን ፊውዙን ጠላሁት። በፊውዝ ቦታ የሲጋራ ወረቀት የሚከቱ አሉ፤ እኔ የጴንጤ ልጅ ሲጋራ ከየት አባቴ አመጣለሁ፣ የማስቲካ ብርማ ወረቀት አጣጥፌ ጠቀጠቅኩበት። ከዚያ ወዲያ አልተቃጠለም። ሌባ መጣ ብሎ የሚጮኸውን ውሻ ገድዬ ሰላም ነው ብዬ ተኛሁ ማለት ነው። ለኦቦ ድንቃም አልነገርኳቸውም።

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ረዳቱ ለቅሶ ስለሄደ በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። አቶ ግርማ የሚባሉ የሁለት ሚኒባስ ባለቤት ከጊንጪ መጥተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። «እስከ ጌዶ ልየው፤ ከወደድኩት ሁለቱንም ትገጥምልኛለህ» ብለውኛል። በሕይወቴ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ሊሆን ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ አዴ ሎሚ የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ ጌዶ ለወለደች ልጃቸው በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በሣህን ቋጥረው እቅፋቸው ውስጥ ይዘዋል። የቅቤው መዓዛ መኪናውን ሞልቶታል። ልንነሳ ስንል አንድ ወጣት ቢጫ ጀሪካን ይዞ መጣ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ለሞተሬ ነው» አለና ጠቀሰኝ። ቤንዚን ጌዶ ላይ ጠፍቶ ስለነበር ሁሉም ከአምቦ እንዲህ ነበር የሚያጓጉዘው። ተቀብዬ ከሣጥኔ አጠገብ፣ ከአዴ ሎሚ እግር ሥር ገፋሁት። አፉ በላስቲክ የተወተፈ ነበር። አይቼዋለሁ።

ጉደር ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ሽታው መጣ። ዝናብ ስለሆነ መስኮት ሁሉ ተዘግቷል። ጎንበስ ብዬ እጄን ምንጣፉ ላይ ሳደርግ ለብ ብሏል። ወዲያው አወቅኩ። ሌላ ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም፤ ያቺ የማስቲካ ወረቀት ዓይኔ ላይ ድቅን አለች። አቶ ግርማ ደግሞ በኢንተርኔቴ ለወንድማቸው ፎቶ ልከው፣ እየሳቁ «ደረሰው እኮ! ከመኪና ውስጥ!» ይሉኛል። አሁን «አቁሙ፣ ሽቦዬ እየተቃጠለ ነው» ብል ሥራው ቀረ፤ ስሜም ቀረ። የፊውዙ ነገርም ይወጣል። ጌዶ ስንደርስ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ አልኩ በልቤ።

ጉደር ላይ ሰው ለማውረድ ቆምን። በቆሎ ጠባሾች እንደ ልማዳቸው መስኮቱን ከበቡት። ያኔ ያደረግኩትን እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ለመኪናው ሰው ሁሉ የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁ። እያንዳንዱን ከነፍሙ ጠረን፣ ጥቁር ጥቁር ያለውን መርጬ። «በኔ ነው፣ ብሉ!» አልኩ። ሰው ደስ አለው። አዴ ሎሚ ትኩሱን በቆሎ በሁለት እጃቸው ይዘው «የተባረክ ልጅ! እናትህ ትባረክ!» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። መኪናው በጭስ ጠረን ሞላ፤ የሽቦዬ ሽታ ጠፋ።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ኦቦ ድንቃ በመስታወቱ አዩኝ። «ገመቹ፣ ማል ታኤ? ምን ሆነ? ምን ይሸታል?»

«ምንም አይደል ኦቦ ድንቃ። በቆሎው ነው።»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና የራሳቸውን በቆሎ ጋጡ።

ከድልድዩ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። እጄን ምንጣፉ ላይ ሳደርግ አሁን ለብ ያለ አልነበረም፣ ፈጀኝ። ሣጥኑ ውስጥ እጄን ሰድጄ አጠፋሁት። ስክሪኑ ጠቆረ። አቶ ግርማ «ምነው?» ሲሉኝ «ኔትወርክ ነው» አልኩ። ኔትወርክ ስክሪን አያጠፋም፤ እግዜር ይመስገን አላወቁም። ቢጠፋ ይቀዘቅዛል ብዬ ጠበቅኩ። ሽታው ግን ጨመረ። እሳቱ ኮምፒውተሩ ጋ አልነበረም፤ ሽቦው ራሱ፣ ምንጣፉ ሥር ተልጦ ከብረት ጋር ተገናኝቷል። ሊያቆመው የሚችለው ፊውዝ ብቻ ነበር። ፊውዙ ደግሞ ማስቲካ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ የፈራሁት እሳቱን ብቻ አልነበረም። ኦቦ ድንቃን ፈራሁ። አባቴን ፈራሁ። «ኢንጂነሩ» ብለው የሳቁልኝን ሁሉ ፈራሁ። እስከዚያች ኩርባ፣ ከኩርባዋ በኋላ፣ እያልኩ ሰው የሞላ መኪና ዳገት ሲወጣ ዝም አልኩ።

ዝምታዬን የሰበሩት አዴ ሎሚ ናቸው። እግራቸውን እያፍተለተሉ «ልጄ» አሉኝ በደስታ፣ «መኪናችሁ ደግሞ እግር ታሞቃለች! በዚህ ብርድ! ጌታ ይባርካችሁ።» ዝቅ ብዬ አየሁ። የፕላስቲክ ጫማቸው ጠርዝ ቀልጧል። ከጫማቸው አጠገብ ቢጫው ጀሪካን አለ።

«ኦቦ ድንቃ! ያቁሙ! እሳት ነው! ያቁሙ!»

ፍሬኑ ጮኸ። በሩን በረገድኩት። «ውረዱ! ውረዱ!» ሰው በሰው ላይ ተደፋ። ምንጣፉ ጫፍ ላይ የስንዝር ያህል ነበልባል ብቅ አለ። አዴ ሎሚ «ጭኮዬን! ጭኮዬን!» ብለው አልወርድም አሉ፤ ከነጭኮአቸው አቅፌ አወረድኳቸው። ተመልሼ ጀሪካኑን ስመነጭቀው ላስቲኩ ወልቆ ቤንዚኑ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ወደ ቦዩ ሮጥኩና ጀሪካኑን ወረወርኩት። ዘወር ስል ኦቦ ድንቃ የፊቱን ወንበር ገልብጠው የጋለውን የባትሪ ሽቦ በባዶ እጃቸው ይዘው ሲነቅሉት አየሁ። ጩኸታቸውን አልረሳውም። ሰው ጭቃ በእጁ እየዘገነ ምንጣፉ ላይ ጣለ፣ እሳቱም ጠፋ።

ማንም አልሞተም። ይህን ስጽፍ እንኳ ደግሜ ማለት እፈልጋለሁ፣ ማንም አልሞተም። ዝናብ ላይ ቆመን አዴ ሎሚ ለልጃቸው የያዙትን ጭኮ ፈትተው ሁላችንንም አቃመሱን። አቶ ግርማ ሳይሰናበቱኝ በሚያልፍ መኪና ተሳፍረው ሄዱ። ኦቦ ድንቃ የግራ እጃቸውን የፊውዙ ቤት ውስጥ ከተው ያችን የከሰለች ብርማ ወረቀት አወጡ። ቀኝ መዳፋቸው ተልጦ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ነገርኳቸው። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ «ድልድዩ ላይ ስጠይቅህ፣ በቆሎው ነው ያልከኝ መስሎህ ነው?» አሉኝ።

«መስሎኝ ነው።»

«እሺ» አሉ። አመኑኝ። ለአባቴም አልተናገሩም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው ሲመጡ ሰው ጠየቃቸው፤ «ሞተር አቃጥሎኝ ነው፣ እርጅና ነው» ብለው በግራ እጃቸው ጨበጡኝ። ሰባኪው ምን እንደሰበከ አላውቅም፤ የማየው ፋሻውን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁ። ኦቦ ድንቃ መኪናዋን ትተው የትውልድ ቦታቸው ጌዶ ገብተዋል፤ በበዓል በበዓል እንደዋወላለን።

«ገመቹ! አካም ጅርታ? በደህና ነው? ምን ሆንክ?»

«ምንም» ልል ነበር። አፌ ለዚህ ቃል የሠለጠነ ነው። ተውኩት።

«ኦቦ ድንቃ፣ የዚያን ቀን በቆሎውን የገዛሁት ሽታውን ለመሸፈን ነው።»

ከጀርባቸው ዶሮ ሲንጫጫ ይሰማኛል።

«ዐውቀህ?»

«ዐውቄ። ጉደር ሳንገባ ነው ያወቅኩት።»

«አዴ ሎሚ እስክትሞት ድረስ ስትመርቅህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «በቆሎ የገዛልን ልጅ፣ ያቀፈኝ ልጅ እያለች። እኔም ሰው ሲያማህ፣ ተዉት፣ ቢሳሳትም ቸር ልጅ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«በስልክ?» አሉ። ከዚያ «ይሄ በስልክ አይሆንም። እሁድ ና። በቆሎ ይዘህ ና» አሉና ዘጉት። ስቀው ይሁን ተቆጥተው ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም።

ገጣሚውን ልጅ ሁሉንም ፍታው አልኩት። አኮረፈ። ሲፈታው አንዱ ሽቦ በብሎን ተነክሶ ተልጦ ተገኘ፤ አንገቱን ደፋ። ልቆጣው ፈልጌ አልሆነልኝም፤ ያን ሁሉ የሠራሁ ሰው በምን አፌ? «ሲሸትህ ይሸታል በል፣ በቃ» ብቻ ነው ያልኩት።

ውሸት ብዙ ዓይነት ነው። የፊውዙን ውሸት የዚያኑ ቀን ተናግሬ ተገላገልኩት። ምርቃት የተቀበልኩበት ውሸት ግን ሆዴ ውስጥ ከረመ፤ አዴ ሎሚ ሞተዋል፣ ለእሳቸው መንገር አልችልም። ነገ እሁድ ነው። ሚስቴ ማርና ዳቦ አዘጋጅታለች፤ ለምን እንደምሄድ ዛሬ ጠዋት ነገርኳት። በቆሎውን ጉደር ላይ ቆሜ እገዛለሁ፣ ከዚያም እስከ ጌዶ ድረስ፣ ዝናብ ቢሆንም፣ መስኮቱን ከፍቼ ነው የምነዳው።