የኮምፒውተር ወንፈል

ስልኬ ጆሮ ላይ ሲይዙት አያሰማም፤ ሁልጊዜ ድምፁን ወደ ውጭ ለቅቄ ነው የማወራው። ጉዴም የጀመረው ከዚያ ነው። ቅዳሜ ቀን ወረታ አጠገብ ባለችው ቀበሌያችን ቁሐር ሚካኤል፣ ቤታችን ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ፣ አሁን ባሕር ዳር የሚሠራ ጓደኛዬ ደወለ። ለደንበኛ የሠራው ፕሮግራም አልነሣ ብሎት ጨንቆታል። «ሁለት ሦስት ቀን ድከምልኝ፤ ያንተ ተራ ሲደርስ ደግሞ እኔ አለሁልህ!» አለ። አባቴ አጠገቤ ገመድ እየገመዱ ይሰሙ ነበር። «በል እንግዲህ፣ ወንፈል ገባህ» አሉኝ። እኔም ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ።

በኛ አገር የሩዝ አረም ያለ ወንፈል አይሞከርም። ውኃ ውስጥ ያለ አረም ሩዙን ቀድሞ ነው የሚያድገው፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ከዳር ጀምሮ እስኪጨርስ የጀመረበት መልሶ ይበቅላል። ስለዚህ ዛሬ የአንዱ ማሳ፣ ነገ የሌላው እየተባለ በተራ ይታረማል። ለሠራልህ ሰው ቀኑን በቀን ትመልስለታለህ፤ ካልታመምክ ወይም ቀብር ካልዋልክ አትቀርም። የአባቴ ወገብ እንደ ድሮው እሺ አይላቸውምና ዘንድሮ ከጎረቤት ጋር ወንፈል መግባት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ወረታ ኮምፒውተር ላይ ተተክያለሁ። ታዲያ ጎረቤት «ልጅዎ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ አባቴ ምን ቢመልሱ ጥሩ ነው? «ልጄ ወንፈል የገባው ከባሕር ዳር ሰው ጋር ነው፤ የእኛ ቀን ሲደርስ ያ ሰው ወገኖቹን ይዞ ይመጣል።» ጎረቤቱም «እንግዲያውስ እኛ ምን እናደርግላችኋለን?» ብሎ ተራውን ያለ እኛ ተከፋፈለ።

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ወረታ በተከራየኋት ክፍል የጓደኛዬን ኮድ ከፍቼ እጄን አፌ ላይ ጭኛለሁ። ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮድ ቋንቋ አንዱ ፋይል ከሌላው የሚፈልገውን በስም ጠርቶ ያስመጣል። የሱ ፋይሎች ደግሞ እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ መያዣ መጨበጫ የላቸውም። ማን ከየት እንደተጠራ ሳያውቁ ጥፋቱን ማግኘት ዘበት ነው። እሱ ዘመናዊ የኮድ መጻፊያ ኤዲተር አለው፤ ስሙን ነካ ሲያደርገው ፋይሉ ይከፈትለታል። የኔ አሮጌ ላፕቶፕ ያንን ኤዲተር ሲሸከም ያቃስታል፤ ስለዚህ የምጠቀመው ቀለል ያለውን፣ ምንም ጌጥ የሌለውን ነው። ይህኛውም ስሙ ላይ ቆመው አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ፋይሉን ይከፍታል፣ ግን መንገዱን ካሳዩት ብቻ። ካላሳዩት ፋይሉ አፍንጫው ሥር ተቀምጦ «የለም» ይልዎታል!

ማሳየት ጀመርኩ። ጓደኛዬ ከፋይል ስም መጨረሻ ላይ ያለችውን ቅጥያ አይጽፋትም፤ ኤዲተሩ ራሱ እንዲጨምራት አዘዝኩት። እሺ አለ። ቀጥሎ፣ መንገድ ለማሳጠር ስሙን በ«@» ነው የሚጀምረው፤ ይህች ምልክት ዋናው ፎልደር ማለት ናት ብዬ ጻፍኩለት። ወይ ፍንክች! መብራት ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ጻፍኩ። ለካ ዋናውን ፎልደር የሚፈልገው እኔ ከቆምኩበት ፋይል ተነሥቶ ኖሯል። ከፕሮጀክቱ መነሻ እንዲጀምር ሳደርገው ተስተካከለ። የቀረችው የፎልደር ስም ብቻ ሲጠራ ውስጡ ያለውን ኢንዴክስ የሚባል ፋይል ክፈት ማለት ነበረች፤ እሷም ገባችለት። ቁልፉን ስጫን ከፋይል ፋይል ሲያደርሰኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ብቻዬን «ጎሽ!» ብዬ ጮህኩ። እንዲያ ስከተል ስከተል ወደ ተነሣሁበት ፋይል ተመልሼ ቁጭ። ጥፋቱ እሱው ነበር፤ ሁለት ፋይሎች አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሁለቱም ሳይነሡ ይቀራሉ። ፈትቼ ላክሁለት።

«አንበሳ!» ብሎ ጻፈልኝ። ድንቄም አንበሳ! ቤት ስገባ አባቴ ለሰፈሩ ያሉትን እናቴ አጫወተችኝ፤ ክው አልኩ። እያፈርኩ ለጓደኛዬ ደወልኩ። «አንድ ቀን መጥተህ አረም አግዘን፤ አባቴ ባንተ ስም ቃል ሰጥተዋል» አልኩት። ሣቀ። «ሩዝ? ኧረ በናትህ! እኔ እኮ በኮድ ማለቴ ነው» አለ። ሥቆም ሳይጨርስ «ይልቅ ሌላም ፕሮጀክት አለኝ፣ ልላክልህ?» አይል መሰላችሁ! እርር ድብን አልኩ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። የሰው ጉልበት እንደ ነጻ ውኃ የሚቀዳ ይመስለዋል፣ ውለታ ቢስ!

ለአባቴ ግን አልነገርኳቸውም። ሰፈር ሙሉ ሰው ፊት የተናገሩትን ቃል እንዴት ብዬ ላጥፍባቸው? እንዲህ ስል ስል አባቴ ለማሳችን የቆረጡት ቀን ደረሰ። እናቴ ለብዙ ሰው የሚበቃ ጠላ ጠምቃ፣ የጾም ወጥ ሠርታለች። ማሳው ውስጥ ያለነው ግን እኔና አባቴ ብቻ ነን። ውኃው ጉልበት ደርሷል፣ አረሙ ሩዙን ውጦታል። ከወዲያኛው ማሳ ጎረቤቶቻችን ተሰልፈው እየተጨዋወቱ ያርማሉ። አንዱ ቀና ብሎ «የባሕር ዳሮቹ አልደረሱም እንዴ?» ብሎ ጮኸና ሌሎቹን አሣቃቸው። የሚደበቁበት ጉድጓድ ቢኖር በገባሁ ነበር።

አባቴ ግን አልተቆጡም። ቀና ብለው ወደ አስፋልቱ፣ መኪና ሰው ወደሚያወርድበት፣ ብዙ ቆይተው ተመለከቱ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ሰው እንዲያው አይቀርም፤ ታሞ ይሆናል። ጠይቀው እንጂ ልጄ፣ ነውር ነው።»

«አዎ አባዬ፣ ታሟል» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይማረው። ይህ አረም ሲያልቅ አብረን ሄደን እንጠይቀዋለን» አሉና ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ፤ መንቀላቸውንም ቀጠሉ።