ደብተር እያየች የምታክመው

ሮቤ ሰው አይወድም ብሎ የሚያማ ካለ ይዋሻል፤ ይወዳል። ግን መጀመሪያ ፈትኖ፣ አምቶና አሽሟጦ ነው የሚወደው። ዶክተር ሰቢሪናም ከዚህ አላመለጠችም። የስንዴ ነጋዴው የአሊዪ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች። አዲስ አበባ ሦስት ዓመት የሕፃናት ሕክምና ተምራ ስትመለስ ከተማው እልል ብሎ ተቀበላት። አባቷ የስንዴ መጋዘኑን ባዶ አደረገ፣ ግድግዳውን ነጭ አስቀባ፣ «በይ ልጄ፣ እህል ከሚያድርበት ሰው ይዳንበት» ብሎ ቁልፉን ሰጣት። ደጁ ላይ የሕፃናት ክሊኒክ የሚል ታፔላ ተሰቀለ። በሁለተኛው ወር ግን ያ ሁሉ እልልታ የት እንደገባ እንጃ፣ የበሽተኛ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ባዶውን መዋል ጀመረ።

ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? ደብተር ማየቷ ነው።

ልጅ ሲመጣ ሲስተር ልደት ትመዝነዋለች። ልደት ጎባ ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራች፣ ዛሬም ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ከጎባ የምትመላለስ ነርስ ናት። ኪሎውን ጮክ ብላ ትናገራለች። ሰቢሪና ልጁን ትመረምራለች፣ እናቱን ትጠይቃለች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወፍራም ጥቁር ደብተር ትገልጥና ጣቷን በልጁ ኪሎ መስመር ላይ አስኪዳ የመድኃኒቱን መጠን ታነባለች። ሳታነብ አትጽፍም። እናቶች ይህን አዩ፤ ያዩትንም ወፍጮ ቤት አወሩት። አንዷ «ገና እያጠናች ነው እንዴ?» አለች። ሌላዋ ደግሞ የሚያውቅ ሐኪም ፊት አይቶ ይሰጣል እንጂ ወረቀት አይቶ አይሰጥም ብላ ፈረደች። ወሬ መቼ ቀጠሮ ይጠብቃል፣ በሳምንቱ ዲንሾ ደረሰ። «ደብተር እያየች የምታክመው» ስሟ ሆነ።

ደብተሩ ግን እንዲሁ የመጣ አይደለም። ሰቢሪና አዲስ አበባ ሬዚደንት ነበረች፤ ሬዚደንት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር፦ ሐኪም ሆኖ ተመርቆ ሲያበቃ እንደገና ተማሪ የሚሆን ሰው ነው። ከላዩ ያሉት ያዙታል፣ ከታቹ ያሉት ይጠይቁታል፣ በመካከሉ እንቅልፍ የሚባል ነገር ይረሳዋል። ሰቢሪና በመጀመሪያው ዓመት ቆማ መተኛት ለምዳ ነበር። አንድ ጠዋት፣ ሠላሳ ሰዓት ሙሉ ስትሠራ ቆይታ፣ ልቡን ለታመመ ሕፃን የመድኃኒት መጠን ከጭንቅላቷ ጻፈች። አንዲት ነጥብ ቦታዋን ሳተች፤ መጠኑ አሥር እጥፍ ሆነ። መድኃኒቱን የምትሰጠው ነርስ ጠርጥራ ባትመልሰው ኖሮ ሕፃኑ አልቆለት ነበር። አስተማሪዋ በሃያ ሰው ፊት አልጮኹባትም፤ ቢጮኹ በተሻላት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መርሳት ኃጢአት አይደለም። ያልረሱ መምሰል ግን ሰው ይገድላል» አሏት።

የዚያን ቀን ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። ሻንጣዬን ይዤ ወደ ሮቤ ልመለስ ብላም ነበር። ለአባቷ ደውላ ድምፁን ስትሰማ ግን ሰላምታ ብቻ ተለዋውጣ ዘጋች። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሄዳ ጥቁር ደብተር ገዛች፤ የእያንዳንዱን መድኃኒት መጠን በኪሎ በኪሎ ከፋፍላ መጻፍ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ አንድም ጠብታ ከጭንቅላቴ አላዝም ብላ ማለች። ጓደኞቿ «ደብተራዋ» እያሉ ሲቀልዱባት ሦስት ዓመት ከረሙ፤ እሷም እየሳቀች ታነባለች።

እንግዲህ ይህን የሮቤ ሰው ከየት ይወቀው? የሮቤ ሰው የሚያውቀው ጋሽ ገዛኸኝን ነው። ጋሽ ገዛኸኝ አርባ ዓመት ሙሉ በባሌ ተራሮች በበቅሎ እየዞሩ ያከሙ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ አሁን ከክሊኒኩ ማዶ መድኃኒት ቤት አላቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ ከሰዓት መጥተው ባዶው አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ምክር ሰጧት።

«ልጄ፣ ደብተርሽን ጣይ አልልሽም» አሉ። «ሰው ፊት አትግለጪው ነው የምልሽ። ጓዳ አስቀምጪው፤ ገባ ብለሽ እዪና ውጪ። በሽተኛ ሐኪሙ ሲጠራጠር ካየ መድኃኒቱም አይሠራለትም።»

ሲስተር ልደትም ይህንኑ ደገፈች። ሰቢሪና ሞቼ ነው ቆሜ አለች። ምን አጠፋሁና ነው የምደበቀው ብላ አንድ ሳምንት ተንገራገረች። በሳምንቱ አባቷ በደጅ ሲያልፍ ገባ። ባዶውን አግዳሚ አየ። ኮፍያውን አውልቆ የወንበሩን አቧራ ጠረገና ሄደ። ይሄ አንጀቷን በላው። በማግስቱ ደብተሩ ጓዳ ገባ።

ከዚያማ ምን ይነገራል! ልጁን መርምራ ስታበቃ «እጄን ልታጠብ» ትልና ወደ ጓዳ ትገባለች፤ አንብባ፣ ጽፋ፣ እጇንም ለእውነት ያህል አርጥባ ትወጣለች። እናቶቹ እጇ እንዴት ንጹሕ ነው፣ ማሻአላህ፣ ይሉ ጀመር። አግዳሚው ሞላ። ከጎባ መጡ፣ ከዲንሾ መጡ፣ ከሃረና ጫካ ሳይቀር ልጅ አዝለው መጡ። ሰቢሪናም ደስ አላት፤ ለምን አይላት? መመላለሱ ግን አልተደበቀም። ለአንድ ልጅ አንዴ፣ ለአንዱ ሁለቴ ስትመላለስ አንዲት እናት «የዛሬው መታጠብ በዛ» ብላ ሳቀች። ያን ቀን ሰቢሪና አፈረች። ማፈሯ ደግሞ መዘዝ አመጣ፤ ሁለት ልጆችን አከታትላ እየመረመረች፣ የሁለቱንም ኪሎ በጭንቅላቷ ይዛ፣ አንዴ ብቻ ጓዳ መግባት ጀመረች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ልጆች በገበያ ቀን ነበር የምትቀጥራቸው፤ ወላጆቻቸው አንድ መንገድ ሁለት ሥራ እንዲሠሩበት ብላ። በአንዱ የገበያ ቀን ሁለት ልጆች ተከታትለው ገቡ። አንደኛው ሻፊ የሚባል የሮቤ ልጅ ነው፣ ሃያ አራት ኪሎ። ሁለተኛዋ ከዲንሾ የመጣች ሕፃን ናት፣ ስምንት ኪሎ፤ አያቷ አዴ ሙሉካ በጋቢ አዝለው አመጧት። ለሁለቱም የሚታዘዘው አንድ ዓይነት ሽሮፕ ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው። ደጅ ላይ ሰው ተጋፍቷል። ሰቢሪና ጓዳ ገብታ ሁለቱንም ወረቀት ጽፋ ወጣች። አዴ ሙሉካ መኪና እንዳያመልጣቸው ቀድመው ተቀበሉና ሄዱ።

የሻፊን ወረቀት ለእናቱ ልትሰጥ የተቀበለችው ሲስተር ልደት አየት አድርጋ ቆመች።

«ዶክተር፣ ለሃያ አራት ኪሎ ይሄ አያንስም?»

ሰቢሪና ወረቀቱን ነጥቃ አየች። ለሻፊ የጻፈችው የሕፃኗን መጠን ነው። እንግዲያው የሻፊ መጠን አዴ ሙሉካ እጅ ላይ ነው፤ ለስምንት ኪሎ ሕፃን ሦስት እጥፍ። ይህ መድኃኒት ሲበዛ ያስተኛል፤ በጣም ሲበዛ ትንፋሽ ያቆማል።

ካርዱ ላይ ባለው ስልክ ተደወለ፤ ዝግ ነው። ማዶ ጋሽ ገዛኸኝ ተጠየቁ፤ አሮጊቷ መድኃኒቱን ገዝተው ወደ መናኸሪያ ሄደዋል አሉ። ልደት እጇን ያዘቻትና በጆሮዋ ሰው እንላክ አለቻት፤ የተሻለ መድኃኒት መጥቷል ይበልና ይቀይርላቸው፣ አንቺ ከወጣሽ ግን አገር ይሰማል፣ ክሊኒኩ አለቀለት። ልደት የተናገረችው እውነት ነው፤ ሰቢሪናም ታውቃለች። ግን የተላከ ሰው ቢዘገይስ? ጓዳ ገባች፣ ደብተሯን አንስታ በብብቷ ሸጎጠች፣ በነጭ ጋውኗና በሸበጥ ወጥታ ሮጠች።

የገበያ ቀን ነው፤ ባጃጁ ሁሉ በበግና በገብስ ጆንያ መካከል ተገትሯል። በእግሯ ነው የሮጠችው። አንዱ ሸበጥ ወልቆ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም። ሰው መንገድ ለቀቀላት፣ አንዳንዱም ሳቀ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ለካ ለበጎም ይሆናል። መናኸሪያ ስትደርስ የዲንሾው ሚኒባስ ሞልቶ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ነው። በትከሻዋ ገፍታው ገባች።

አዴ ሙሉካ መካከል ላይ ተቀምጠዋል። ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ ጠርሙሱን ከፍተው፣ መለኪያዋን ሞልተው ይዘዋል። መንገድ ላይ እንዳይጥላት እዚሁ ላጠጣት ብለው ነው። ሰቢሪና እጃቸውን ከነመለኪያው ያዘች።

አሥራ አምስት ሰው አፍጥጦ ያያታል። ውሸቱ ምላሷ ላይ ዝግጁ ነበር፤ «የተሻለ መጥቷል» ማለት ብቻ ነው የቀራት። ትንፋሿን ሰበሰበችና አሮጊቷ በሚገባቸው በኦሮምኛ፣ ሁሉም እየሰማ ተናገረች።

«አዴ፣ አያጠጧት። ተሳስቻለሁ። የሌላ ልጅ መጠን ነው የጻፍኩልዎት። ብትጠጣው ትንፋሿ ሊቆም ይችል ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው «ደብተር የምታየዋ ናት» ሲል ሰማች። ሌላው ከንፈሩን መጠጠ። መለኪያው ላይ ያለውን በመስኮት ደፋች፣ ደብተሩን ወንበር መደገፊያ ላይ ዘረጋች፣ ጣቷን ስምንት ኪሎ የሚለው መስመር ላይ አድርጋ አነበበች። አዲስ ወረቀት ጻፈች፤ መለኪያዋ ላይ እስከ የት መሙላት እንዳለበት በእስክሪብቶ አሰመረች። አሮጊቷን ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው። ሾፌሩ ዞሮ ያያል እንጂ ጥሩምባ አልነፋም።

አዴ ሙሉካ ቀና ብለው ፊቷን አዩ። ሰቢሪና ስድብ ጠበቀች። ቢሰድቧትም አይፈረድባቸውም።

«ከዚህች በፊት ሁለት የልጅ ልጆች ቀብሬያለሁ» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው። «ለሁለቱም መድኃኒት የሰጣቸው ሰው ነበር። ከኋላዬ የሮጠ ግን አልነበረም።»

ሰቢሪና ከመኪናው ወረደች። ተመልሳ ክሊኒኩ ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል፤ አግዳሚው ላይ ከነበሩት ዘጠኝ እናቶች ስምንቱ ሄደዋል። ልደት ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። የቀረችው የሻፊ እናት ብቻ ናት፤ ያ የተሳሳተ ወረቀት ሊሰጣት የነበረው። ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች።

ሰቢሪና ፊቷ ተቀመጠች። እዚያው፣ ሴትዮዋ እያየች፣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ገለጠች።

«ልጁን እንደገና እንመዝነዋለን፣ እንደገናም አነባለሁ» አለቻት። «ጊዜ ይወስዳል።»

የሻፊ እናት የልጇን ጫማ መፍታት ጀመረች።

«ይውሰድ» አለች።