መጋዙ ሳይቆም ሰላምታ የለም

የዚያን ቀን ቡሬ ውስጥ በጋሽ ደምለው እንጨት ቤት የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ደምለው፤ መጋዙ ላይ የሚሠራው አንተነህ፤ የተሠራውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት የምታለሰልሰው ወርቄ፤ ከደጋው አገራችን ከፈረስ ቤት የመጡት አባቴ፤ አብረዋቸው የመጡት የነፍስ አባታችን መምሬ ጥበቡ፤ እና እኔ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ወሬው ኋላ በብዙ አፍ ስላለፈና አይተናል የሚሉ ሰዎች ስለበዙ ነው። ያየነው እኛ ነን። ከስድስታችንም ነገሩ በምን እንደጀመረ ያን ቀን የምናውቀው ሁለት ብቻ ነበርን።

ሰዎቹን እንዲህ አንድ በአንድ መቁጠር የጀመርኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ልጄ እዚህ ፍኖተ ሰላም ከጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ የእንጨት ሥራ ትሠራለች። ሙያውን ተምራ ነው የገባችበት። እኔ ግን ጠዋት ስትወጣ ፀጉሯን በሻሽ ማሰሯን፣ እጅጌዋን መሰብሰቧን ሳላይ አላሰናብታትም። ጓንት እንዳታጠልቅ፣ መጋዝ ጓንቱን ከያዘ እጅንም ይዞ እንደሚገባ ደጋግሜ ስነግራት፣ አስተማሪዋ እንኳን የእኔን ያህል እንዳልጨቀጨቃት ነግራኛለች።

ባለፈው ሳምንት ምሳዋን ረስታ ወጣች። ፍትፍቱን በሳህን ከድኜ ከጎረቤቴ ጋር ይዤላት ሄድኩ። በሩ ላይ ስንደርስ ልጄ መጋዙ ላይ ጎንበስ ብላለች። ጎረቤቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዴት ዋላችሁ አለች። ልጄ ቀና አላለችም። ጎረቤቴ ፊቷ ተለወጠና ንቃን ነው ወይስ አላየችንም ብላ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ስትራመድ፣ ነጠላዋን ይዤ ጎተትኳት። መጋዙ እስኪቆም እንደያዝኳት ቆየሁ። ሲቆም ልጄ መጥታ ጎረቤቴን ትከሻዋን ስማ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሴትዮዋም ደስ አላት። እኔ ደጅ ከተከመረው ጣውላ ላይ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። ልጄ ምን ሆንሽ አለችኝ። ከንስሐ ውጭ ይህን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የነገርኩት ያን ጊዜ ነው።

ቡሬ ስገባ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ አክስቴ ዘንድ ተቀመጥኩ፤ እሷ ናት ከጋሽ ደምለው ቤት ያስቀጠረችኝ። ሥራዬ መቀበል ነበር። አንተነህ እየገፋ የሚቆርጠውን እንጨት ከመጋዙ ወዲያ ማዶ፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ እቀበላለሁ። መቀበል ማለት መሳብ አይደለም። ጋሽ ደምለው መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይህንን ነው። እንጨቱ ወደ አንቺ ሲመጣ ደግፊው እንጂ አትሳቢው፤ ከሳብሽው የሚገፋው ሰው እጅ ተከትሎ ይመጣል አሉኝ።

መጋዙን ባለ ቀበቶው እንለው ነበር። ስለቱ እንደ ቀበቶ ጫፍና ጫፉ የተጋጠመ ረጅም ቀጭን ብረት ነው። ከላይና ከታች በተተከሉ ሁለት ትልልቅ መዘውሮች ላይ እየዞረ በጠረጴዛው መካከል ወደ ታች ይወርዳል። የወንበር እግር፣ የመስኮት ቅስት፣ የተጠማዘዘ ነገር ሁሉ የሚቆረጠው በእሱ ነው። እንደ ክቡ መጋዝ አይጮህም፤ ያጉረመርማል። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ይሰማማል፤ በሩ ላይ ያለ ሰው ግን ካልጮሁለት አይሰማም። ስለማያስደነግጥም ሰው ቶሎ ይለምደዋል። ጋሽ ደምለው የሚፈሩት መለመዱን ነበር።

ሕጋቸውን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። የስለቱ መከለያ ከእንጨቱ በላይ አንድ ጣት ያህል ብቻ ቀርቶት ይውረድ። ጣት ከስለቱ ፊት አይሰለፍ። የእንጨቱ መጨረሻ በእጅ ሳይሆን በመግፊያ በትር ይገፋ። ማጥፊያውን ከተጫኑ በኋላም መዘውሩ ጨርሶ እስኪቆም ከጠረጴዛው ላይ ምንም አይነሳ። በመጋዙ ዙሪያ መሬቱ ላይ በኖራ መስመር አስምረው ነበርና መስመሩን ከሠራተኛው በቀር ማንም አያልፍም። የሁሉም ማሰሪያ ግን አንድ ነበር፤ መጋዙ ሳይቆም ሰላምታ የለም። ጳጳስም ይግባ፣ የወለደህ አባትም ይግባ፣ ቀና አትልም።

በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ የሚቀር፣ ቄስ መስቀል ሲያወጣ ቆቡን አውልቆ የማይሳለም ሰው፣ ወላጆቹ ምን ዓይነት ናቸው ይባልበታል። ስለዚህ ጋሽ ደምለው እንግዳ ሲመጣ ራሳቸው በሩ ላይ ይቀበሉና መዳፋቸውን ዘርግተው ያቆሙታል፤ ልጆቼ ባለጌ ሆነው አይደለም፣ ጥቂት ይታገሱን ይላሉ። መጋዙ ሲቆም «ቆመ» ብለው ይጣራሉ። ያን ጊዜ ሁላችንም ተነስተን ከወገባችን ጎንበስ እያልን እጅ እንነሳለን። ዘግይቶ የሚመጣ ሰላምታ ግን ትንሽ ይበዛበት ነበር፤ ወርቄ በዚህ ትስቅብናለች። ወርቄ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች። አንተነህን ቀኑን ሙሉ ጎንብሰህ ለመጋዝ ትሰግዳለህ ትለዋለች። እሱም ሳይናደድ ስግደት የሚገባው ይኸው አንዱ ነው፣ ካልሰገድክለት ይበላሃል ይላታል። እኔን ደግሞ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

«ይቺ ልጅ ከመጋዙ ይልቅ አባቷን ትፈራለች።»

እውነቷን ነበር። አባቴ እንጨት ቤት መግባቴን አልወደዱትም። ሴት ልጅ ከወንዶች ጋር ቆማ ስትውል አይተውም አያውቁ። መከሩ ሲሰበሰብ መጥተው ቤቱን በዓይናቸው ሊያዩ፣ ጨዋ ሰዎች ካሉበት ሊተዉኝ፣ ካልሆነ ያን ዕለቱን ይዘውኝ ሊመለሱ እንዳሰቡ ልከውብኝ ነበር። ፈረስ ቤት ደግሞ የታጨልኝ ሰው አለ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ከእኔ ትልልቅ ልጆች ያሉት ሰው ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም። ነገር ግን እሱን ማግባት አልፈልግም ነበር።

የመጡት በኅዳር፣ በርበሬ በየደጁ በሚሰጣበት ወቅት ነው። በዚያ ወቅት ቡሬ ውስጥ ሳያስነጥሱ መሄድ አይቻልም። አባቴ ከመምሬ ጥበቡ ጋር ቁልቁለቱን በእግር ወርደው፣ ፍኖተ ሰላም አድረው፣ በአውቶቡስ ደረሱ። አንድ ስልቻ የደጋ ድንች ተሸክመዋል። ለጌቶችሽ ነው ሊሉኝ ነው። ከእነጭቃው ነበር፤ የአገሬ አፈር ሽታ ከዋንዛው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ገባ።

ጋሽ ደምለው በሩ ላይ አልነበሩም። ጓሮ ጣውላ ይመርጡ ነበር። አንተነህ የመስኮት ቅስት እየቆረጠ ነው፤ ሊጨርስ ስንዝር ቀርቶታል። ወርቄ ብርጭቆ ወረቀቷን ጥላ ተነሳች። መምሬ መስቀላቸውን ከእጅጌያቸው አውጥተው አሳለሟትና ወደ እኛ ዞረው መስቀሉን እንደዘረጉ ቆሙ። እኔ እንጨቱን ደግፌያለሁ፤ ልለቀው አልችልም። አንተነህ ዓይኑን ከስለቱ አላነሳም። የአባቴን ፊት አየሁት። አባቴ ሲቆጡ አይጮኹም፤ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ነከሱት። መጀመሪያ መስቀሉን፣ ቀጥሎ የአንተነህን ቆብ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ነገ ከእሳቸው ጋር አቀበቱን ስወጣ ታየኝ።

ስንዝር ነበር የቀረው። አባታችን ሆይ ብለው ግማሽ እስኪደርሱ የሚያልቅ ነበር።

በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አልኩና ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ አልኩት፦

«አንተነህ፣ አባቴ ናቸው። መስቀል ተሳለም።»

ቀና አለ። መስቀሉን ሲያይ በቀኝ እጁ የያዘውን መግፊያ በትር ለቀቀና ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያ ጎንበስ አለ። ይህን አስቦ አላደረገውም። በልጅነቱ እናቱ ያስተማረችውን ነው ሰውነቱ ያደረገው። ግራ እጁ ግን እንጨቱ ላይ ነበርና ሲጎነበስ ክብደቱ አብሮ ገፋው። እንጨቱ አለቀ። የመጋዙ ድምፅ እንኳን አልተለወጠም።

እሱም አልጮኸም። የጮኸችው ወርቄ ናት። ጋሽ ደምለው ከጓሮ ሮጠው ገብተው ማጥፊያውን ተጫኑና እጃቸውን ዘርግተው መዘውሩ እስኪቆም ሁላችንንም ከመስመሩ ውጭ አቆሙን። አንተነህን ብቻ ከትከሻው ይዘው ወደ ኋላ ሳቡት። ሲቆም ግን «ቆመ» አላሉም። መምሬ ጥበቡ ጥምጥማቸውን ፈትተው እጁን በእሱ ጠቀለሉት። መምሬን ራሳቸው ተገልጦ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ፀጉራቸው ሳስቶ ነበር። አባቴ አንተነህን ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። እኛም ተከተልን። ስልቻው በሩ ላይ ተደፍቶ ድንቹ በሰጋቱራው ውስጥ ተበትኖ ቀረ።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ጋሽ ደምለው አለቀሱ። እያለቀሱም ተቆጡት። ስንት ዓመት ነው የነገርኩህ አሉት። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አንተነህ አንዴ ብቻ አየኝ፤ ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ እንዲህ አለ፦

«ልክ ነዎት ጋሼ። ራሴ ነኝ ቀና ያልኩት።»

እኔ ነኝ የጠራሁት ማለት ይገባኝ ነበር። ሦስት ቃል ነው። አንገቴን ደፋሁ።

ማታውን አባቴ አክስቴ ቤት እግራቸውን ታጥበው ተቀመጡ። ከዚያ ያ ልጅ ለመስቀል ክብር ብሎ ደሙ ፈሰሰ፣ እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት ክፉ ቤት አይደለም፣ እዚሁ ሥሪ አሉኝ። የፈለግሁትን አገኘሁ። በማግስቱ ብቻቸውን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኋላም ለታጨልኝ ሰው እንደማይሆን ላኩበት። አባቴ ልጁ ለመስቀል ክብር ብሎ እንደተጎዳ እንዳመኑ አረፉ።

አንተነህ እጁ ሲድን ዕቃውን ሰብስቦ አዴት እናቱ ዘንድ ሄደ። እንደ እሱ ቅስት የሚቆርጥ ሰው ቡሬ ውስጥ አልነበረም፤ አዴት የራሱን እንጨት ቤት ሊከፍት ያስብ ነበር። ሊሰናበተን ሲመጣ ወርቄ እየቀለደች እንድትሸኘው ለመናት፤ እሷ ግን ቀልዱ አልመጣላትም። ለእኔ በርቺ አለኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። እኔ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እዚያው ቤት ሠራሁ። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ጋሽ ደምለው ሕጋቸውን ነግረው ሲጨርሱ እንደ አንተነህ ዝንጉ እንዳትሆን ይሉታል። ዝንጉ። ይህን በሰማሁ ቁጥር እንጨቴን ደግፌ ዝም እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሰማሁት።

ለመምሬ ጥበቡ ንስሐ ገብቼ ነግሬያቸዋለሁ። መስቀሉን ያወጣሁት እኔ፣ የጠራሽው አንቺ አሉ። እሳቸው የራሳቸውን ጥፋት አዴት ድረስ ሄደው ለአንተነህ ነግረው ይቅር ተባብለዋል። «አንቺም ያንቺን ለእሱ ንገሪው፤ ለእኔ መንገርሽ አይበቃም» አሉኝ። አልሄድኩም። መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ አገባሁ፣ ወለድኩ። የአንተነህ እናት ማረፋቸውን ሰማሁ። አንድ ከመራዊ የመጣ ሰው ቆጋ መስኖ ላይ ሽንኩርት ውኃ ሲያጠጣ አይቼዋለሁ፣ ዶማውን በግራ እጁ በሦስት ጣት ደግፎ ይይዛል አለኝ። ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ የራሴን ጣቶች እየዳሰስኩ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሚያመጣልኝ ሰው አላገኘሁም። በእነዚህ ዓመታት መንገዱም ስልኩም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ እንኳን የሩቁን የቅርቡንም ሰው ደህንነት ማወቅ ከብዷል።

ልጄ ይህን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ ሥራ ቤታቸው በር ላይ ወረቀት ለጠፈች። መጋዙ ሳይቆም ሰላምታ የለም ይላል። የጋሽ ደምለው ቃል ነው። ሰዎች ሲያነቡት ይስቃሉ፤ ግን በሩ ላይ ይቆማሉ። እኔም ምሳ ይዤላት ስሄድ አብሬያቸው እቆማለሁ። ሰውን የሚጎዳው ድፍረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔ ያን ቀን ደፋር አልነበርኩም። ፈርቼ ነበር፤ የፈራሁት ግን አጠገቤ የሚዞረውን ስለት አልነበረም።

አንተነህ ዝንጉ አልነበረም። በዚያ ቤት ከሁላችን ጠንቃቃው እሱ ነበር። ዓይኑን ከሥራው አላነሳም፤ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ደምለው በሕይወት የሉም እንጂ ለእሳቸውም ይህንኑ እነግራቸው ነበር።

አገሩ አዴት ነው። ዛሬ ዕድሜው ከሃምሳ ያልፋል። ረጅም፣ ቀይ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። በግራ እጁ ሌባ ጣቱና የመሐል ጣቱ የሉም። በአዴት፣ በመራዊ፣ በቆጋ በኩል ያየው ወይም ስለ እሱ የሰማ ሰው ካለ፣ በሕይወት መኖሩንና ደህና መሆኑን እባካችሁ ንገሩኝ።