ከረጢቱ ላይ የተጻፈው

አክስቴ ትምህርት የተወችው ወዳ ነው ወይስ ተገዳ? ስንት ጊዜ አስቤበት መልስ አላገኘሁለትም። አንድ ልጅ ብቻ ማስተማር በሚቻልበት ቤት ታላቂቱ ከአንደኛ ክፍል ወጣች፤ ታናሺቱ፣ እናቴ፣ አስተማሪ ሆነች። አክስቴን ስጠይቃት ትስቃለች።

"ቁጭ ማለት መች ይሆንልኛል? መቀመጫዬ እሾህ አለበት።"

በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ትተኩሳለች። ቶሎ ስለምትግል ጓደኞቿ "ካውያዋ" ይሏታል። የየክፍሉን አንሶላ የምትለየው ጠርዙ ላይ በተሰፋው ክር ነው፤ ቀይ የወሊድ፣ ሰማያዊ የሕፃናት። በሠላሳ ዓመት አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ክኒኗንም እንዲሁ በቀለሙ ነበር የምታውቀው።

ሁለቱ ከአንድ ማህፀን ወጥተው፣ ከአንድ ድስት በልተው ነው ያደጉት። እናቴ ስለ ደም ግፊት የትምህርት ቤቷ ሰሌዳ ላይ አንብባ በጊዜ ተለካች፤ ጨው ቀነሰች፤ እስካሁን ደህና ናት። አክስቴ ግን ራስ ምታቱን "የካውያው ሙቀት ነው" እያለች ዓመታት አሳለፈችው፤ ሲብስባት ተለክታ ለግፊቱ ነጭ ክኒን ታዘዘላት።

አንድ ቀን በነጩ ክኒን ፈንታ ሮዝ ተሰጣት። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ከረጢቱ ላይ ጽፋ፣ "ገባዎት፣ እማማ?" አለቻት።

"ገብቶኛል።"

ቀለሙ ሌላ ከሆነ መድኃኒቱም ሌላ ነው ብላ ሁለቱንም ስትውጥ ሰነበተች። በአምስተኛው ቀን ካውያው አጠገብ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

እናቴ አክስቴ የተኛችበት የሆስፒታል አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ከረጢቱን አነበበች፦ "በነጩ ፈንታ። ይህን ብቻ።"

"እትዬ፣ ምነው አንብቡልኝ ብትዪ?"

"በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ፊት?"

"እኔ ባዳ ነኝ? አንቺ አይደለሽ ትምህርትሽን ትተሽ ያስተማርሽኝ!"

"እንግዲያማ አሁን ተራሽ ነው፣ የኔ አስተማሪ። ግን አደራ፣ እንዳትቆነጥጪኝ!"

እኛ ቤት ከረመች። በየምሽቱ ያንን ከረጢት ዘርግተው ፊደል ይቆጥራሉ። አክስቴ ክኒኗን ከዋጠች በኋላ ግን አትተኛም፤ "ዛሬም ተሳስቼ እንደሆነስ? ተኝቼ ብቀርስ?" እያለች ግድግዳ ተደግፋ ታነጋለች።

በሦስተኛው ወር መድኃኒት ልታመጣ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ከረጢቱን ተቀብላ መስኮቱ ላይ ቆመች። ጣቷ ከፊደል ፊደል ይሄዳል።

"እማማ፣ ወረፋ አለ እኮ!" አለ ከኋላ አንዱ።

"እኔ ሃምሳ ዓመት ጠብቄያለሁ፤ አንተ አምስት ደቂቃ ብትጠብቅ ምን አለበት?"

ማታ ከረጢቱን እናቴ ፊት ዘረጋችው። "ዝም በይ፣ እንዳትነግሪኝ። ማ...ታ... አንድ። ማታ አንድ!"

እናቴ እንባዋ መጣ። "እትዬ፣ ያ የትምህርት ቤት ወንበር ያንቺ ነበር።"

"ታዲያ ባዶውን አላስቀመጥሽው! እሰይ የኔ እህት።"

እኔም ማንበብ የለመድኩት ከእናቴ ነው፤ እሷ ደግሞ አክስቴ በለቀቀችላት ወንበር። ለክኒኗ ውሃ ቀዳሁላት።

አንዷን ክኒን ዋጠች፤ ከረጢቱን አጣጥፋ ትራሷ ሥር አደረገችና መብራቱን አጥፉልኝ አለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።